ውሮን ዳግመኛ በጆንያ አልይዛትም

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ለረጅም ጊዜ ሳነብ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን በራሴ ጉዳይ መጣሁ። ነገሩ ለብዙ ሰው የሚያስቅ ሊመስል ስለሚችል የሥራ ባልደረቦቼን እንኳ ለማማከር አፍሬ ቆይቻለሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ወደ ባሕር ዳር በዝውውር ተመድቤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ እጀምራለሁ። ሁለት ድመቶች አሉኝ። ትልቋ ውሮ 11 ዓመቷ ሲሆን ያሳደገቻት እናቴ ናት፤ እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ካረፈች ወዲህ ውሮ ከእናቴ ነጠላ ላይ ካልሆነ አትተኛም። ሁለተኛው ነብሮ ገና የሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ጉልበተኛ ነው፣ በር በአፍንጫው ገፍቶ መክፈትም ይችልበታል።

ባለፈው ዓመት ውሮ ታማብኝ ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ስነሣ፣ ሌላ ነገር ስላጣሁ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተትኋት። ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ጆንያውን በጥፍሯ ቀድዳ፣ እጄን ቧጭራ አመለጠች። ሦስት ቀን ሙሉ በየአጥሩ ሥር ስሟን ስጠራ ዋልሁ። በአራተኛው ቀን ከስታና እያነከሰች ራሷ ቤት ገባች። እስከ ዛሬ የጆንያ ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች፤ እኔም ባየኋት ቁጥር ጥፋቴ ይታየኛል።

ታላቅ ወንድሜ «ድመት በሻንጣ ስትጓዝ የት አየሽ? የእንቅልፍ ክኒን ግማሹን ስጫትና በጆንያ ይዘሻት ሂጂ» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ ስትመጣ ልትይዝልኝ የሁለት ዓይነት መያዣ ፎቶ ልካልኛለች። አንዱ በጀርባ የሚታዘል፣ ድመቷ አሻግራ የምታይበት ክብ የፕላስቲክ መስኮት ያለው ቦርሳ ነው፤ በጣም ያምራል። ሌላው ባለ ሽቦ በር ደረቅ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ግዙፍ ይመስላል፣ ሁለት ለመግዛትም አቅሜ ያሳስበኛል። እኔ ራሴ ክዳን ያለው ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ቅዳሜ ገበያ አሠርቼ ሁለቱንም በአንድ ላይ ልይዛቸው አስቤ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚተኙት ተቃቅፈው ነውና። ጎረቤቴ እማማ በበኩላቸው «ውሮ አርጅታለች፣ አታንገላቻት፣ ለእኔ ተዪልኝ» ብለውኛል። ልተዋት ወይስ ልውሰዳት? ከወሰድኋትስ በምን?

እኅታችሁ፣ ከማራኪ

መልስ

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎን ሳነብ አልሳቅሁም፤ ይልቁንም ስለ ጆንያ አንድ የቆየ ነገር አስታወሰኝ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ወተት መድፋት የለመደች ወይም ጫጩት የምትበላ ድመት በጆንያ ተቋጥራ፣ መመለሻው እንዳይታወቃት ከወንዝ ማዶ ትጣል ነበር። ወንድምዎ ድመት በጆንያ ስትሄድ ማየታቸው እውነት ነው፤ እነዚያ ድመቶች ግን እንዲመለሱ የሚፈለጉ አልነበሩም። ውሮም ያን ቀን ያደረገችው፣ በጨለማ የሚንኮሻኮሽ፣ ወለል የሌለውና እግር የማያስቆም ነገር ውስጥ የገባች ማንኛዋም ድመት የምታደርገውን ነው። እርስዎ የታመመች ድመት ሐኪም ዘንድ ለማድረስ የደከሙ ሰው ነዎት። የጎደለዎ ዕቃ ነበር፤ ዕቃ ደግሞ ይገኛል።

በምን ልውሰዳት ከሚለው በፊት ልተዋት ወይ የሚለውን እናንሣ፤ የእማማን ልመና እንደ ቀላል ነገር አላየውምና። ድመት ሰውን እንደምትወድ ሁሉ ቤቱንና አጥሩን ትወዳለች፤ 11 ዓመት የኖረችበትን ግቢ መልቀቅ ለውሮ ይከብዳታል። ነገር ግን አንድ ነገር ቀስ ብለው ራስዎን ይጠይቁ፦ መንገድ የሚባል ነገር ባይኖርና ውሮ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ባለው ቤትዎ ዓይኗን ብትገልጥ ኖሮ፣ እርሷን ለመተው ያስቡ ነበር? መልስዎ «አላስብም» ከሆነ፣ ያስጨነቀዎ ፒያሳ ላይ የሆነው ነገር ነው፤ እርሱም በጥሩ መያዣና በጥቂት ልምምድ የሚስተካከል ነው። «ያን ጊዜም እተዋት ነበር» የሚሉ ከሆነ ደግሞ የምታውቃትንና የምትወዳትን ጎረቤት ማመን ነውር የለበትም፤ የእናትዎን አደራ እንደ መጣል አይቁጠሩት። ለዛሬ ግን አይወስኑ። ከዚህ በታች የምነግርዎን ልምምድ ለሦስት ሳምንት ሞክረው የውሮን ሁኔታ ካዩ በኋላ ይወስኑ። እኔን ከጠየቁኝ፣ ሐኪሙ ጤነኛ ናት ካለ ከእርስዎ ጋር ብትሄድ እመርጣለሁ።

የክኒኑን ነገር ግን ለምርጫ አልተወውም። ለሰው የተሠራ የእንቅልፍ ክኒን ለድመት አይሰጥም፤ አራት ኪሎ ለማይሞላ አካል «ግማሹ» ምን ያህል እንደሆነ ቤት ውስጥ ማንም ሊገምት አይችልም፤ ደንዝዛ የተኛች ድመት ደግሞ ብትታመም እንኳ በጊዜ አይታወቅም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የማይጠፋው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ የድመት ጉበት ያን መድኃኒት እንደ ሰው ጉበት አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። ማረጋጊያ የግድ ካስፈለገ መድኃኒቱንም መጠኑንም የሚወስን የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው በከተማዋ የሚያማክሩት ባለሙያ አያጡም።

አሁን ወደ መያዣው እንምጣ። የቅርጫቱ ሐሳብ ልቤን ነክቶታል፤ አየር ያስገባል፣ ያምራል፣ የአገር እጅ ሥራም ነው። ይሁን እንጂ ድመት ስትፈራ ትሸናለች፣ ሽንት ደግሞ አንድ ጊዜ ቀርከሃ ውስጥ ከገባ በሳሙና አይወጣም፤ እርስዎ ባይሸትዎ እንኳ ለእርሷ ይሸታታል፣ ቅርጫቱን ባየች ቁጥር የምታስታውሰውም ያን የፍርሃት ቀን ነው። የነብሮ ጥፍር ሥራውን ሲፈታው፣ በገመድ የታሰረው ክዳንም ከፍ ሲል ከወዲሁ ይታየኛል። (በአገልግል ይዘሻቸው ሂጂ የሚልዎ ሰው ካለም፣ በቆዳ የተለበጠና አየር የማያስገባ ነውና ለእንጀራው ይተዉት።) ቅርጫቱን ከወደዱት ያሠሩት፤ ባሕር ዳር ሲደርሱ መኝታ ይሆናቸዋል።

ባለ ክብ መስኮቱ ቦርሳ ውበቱ ለመንገደኛ ዓይን ነው። ድመቷ ስትታዘል ተቀምጣ ወይም ተኮራምታ ትቆያለች እንጂ ጎኗን ዘርግታ መተኛት አትችልም፤ ይህ ለአጭር መንገድ ቢቻልም ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚፈጅ ጉዞ አይሆንም። ያ መስኮት ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡን ያግለዋል። የፈራች ድመት ደግሞ የምትፈልገው መደበቅ ነው፤ መስኮቱ ግን የመናኸሪያውን ግርግር ሁሉ ፊቷ ላይ ያመጣባታል። ዚፑንም በር በአፍንጫው ገፍቶ ለሚከፍት ጎረምሳ አላምነውም። የጨርቅ መያዣ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ወለሉ ጠንካራ፣ ጎኖቹ መረብ፣ ዚፑ የሚቆለፍ ሲሆን ለረጋች ድመት ያገለግላል፣ ለመያዝም ይቀላል። የእርስዎ ድመቶች ግን አንዷ መያዣ ቀድዳ የወጣች፣ አንዱ ደግሞ ገና ያልተሞከረ ናቸው።

ስለዚህ ምርጫዬ ያ ግዙፍ የመሰለዎ ደረቅ ሳጥን ነው። ጓደኛዎ ከመግዛቷ በፊት ግን የምታረጋግጣቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ልክ ነው። ውሮም ነብሮም ዘና ብለው ሲቆሙ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት ሥር ያለውን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ የሳጥኑ ውስጥ ርዝመት ከዚህ ቢያንስ በጥቂት ጣት መብለጥ አለበት፣ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ድመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነች ወደ 60 ይጠጋል ማለት ነው። ከፍታው ጆሮዋ ጣሪያ ሳይነካ እንድትቆም የሚያስችላት ይሁን። ከዚህ በላይ ማስፋት እንደ ደግነት ቢመስልም ጉዳት አለው፤ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ሰፊ ሳጥን ውስጥ ያለች ድመት ከግድግዳ ግድግዳ ትንሸራተታለች፣ ጠበብ ያለው ግን ደግፎ ይይዛታል።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የአከፋፈቱ ነገር ነው። ከፊት የሽቦ በር ብቻ ካለው ይልቅ ከላይም የሚከፈት፣ የላይኛው ግማሽም ከታችኛው በቀላሉ የሚለይ ሳጥን ትምረጥልዎ። ድመትን በጠባብ በር በጭንቅላቷ ገፍተው ሲያስገቡ አራት እግሯን በደጃፉ ላይ ዘርግታ እንዴት እንደምትሟገት የሞከረው ያውቀዋል፤ ከላይ ሲሆን ግን ደረቷንና ወገቧን ደግፈው እንደ ሕፃን ዝቅ አድርገው ያስቀምጧታል። ሐኪም ዘንድም ክዳኑ ይነሣና ውሮ ከታችኛው ግማሽ ሳትወጣ፣ በለመደችው ጨርቅ ላይ እንዳለች ትመረመራለች፤ እየጎተቱ ማውጣት ይቀራል። ለአንዲት የ11 ዓመት ድመት ይህ ብቻውን ሳጥኑን ያስገዛል።

ጥንካሬውን እዚያው ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል፤ ሳጥኑ ውስጥ አምስት ኪሎ ጤፍ ወይም ስኳር አስገብታ በእጀታው አንሥታ ትወዝውዘው። ሁለቱ ግማሾች የሚላቀቁ፣ እጀታው ሲጢጥ የሚል ወይም የበሩ መቀርቀሪያ የሚፈታ ከሆነ ትተወው። በሩ ከፕላስቲክ ይልቅ የብረት ሽቦ ይሁን፤ ማቆሚያዎቹ ከላይም ከታችም ቀዳዳ ውስጥ ጠልቀው መግባታቸውን ትይ። አየር የሚገባው ከፊት ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝም መሆን አለበት። እርስዎም ሲይዙት በእጀታው አንጠልጥለው አያወዛውዙት፤ ከታች አቅፈው ከደረትዎ ጋር ይያዙት፤ እጀታው ቢሰበር እንኳ ሳጥኑ እጅዎ ላይ ነው።

ደረቁን ሳጥን እንድመርጥ ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። በመንገዱ ላይ ፍተሻ ያጋጥምዎ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ሻንጣው ይከፈታል። ቅርጫት ወይም ጆንያ ከሆነ «ምንድን ነው? ይከፈት» መባሉ አይቀርም፣ ከተከፈተ ደግሞ የፒያሳው ነገር በአስፋልት ዳር ይደገማል። በሽቦ በር በኩል ግን ፈታሹ ዝቅ ብሎ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ካየ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሳጥኑ ላይ በወፍራም ጽሑፍ «ድመት አለ፤ እባክዎ አይክፈቱ» ብለው ከስልክ ቁጥርዎ ጋር ይለጥፉበት። የግድ ይከፈት ቢባሉ የመኪናው በርና መስኮት እንዲዘጋ በትሕትና ለምነው፣ እርስዎው ራስዎ ይክፈቱት።

ሁለቱን በአንድ ሳጥን የማድረጉን ሐሳብ እንዲተዉት እለምንዎታለሁ። ቤት ውስጥ ተቃቅፈው የሚተኙ ድመቶች በፍርሃት ሰዓት ዘመድ አይለዩም፤ አንዱ በጥሩምባ ደንግጦ ሌላውን ሊነክስ ይችላል፣ ጠቡም ከጉዞው በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የገንዘቡ ነገር እንዳሳሰበዎ ገብቶኛል። ለቦርሳው ሊያወጡት የነበረውን ለሁለተኛው ሳጥን ያድርጉት፤ ያገለገለ ሳጥን የሚሸጥ ካለም ጓደኛዎ ታጠያይቅ፣ ደረቅ ፕላስቲክ በሳሙናና በውኃ በደንብ ታጥቦ በፀሐይ ከደረቀ እንደ አዲስ ነው። ሁለቱም ካልሆነ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ የአትክልት ሳጥኖችን አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ቢያንስ በስምንት ቦታ በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው ማሰር ይችላሉ፤ ቀዳዳዎቹ ጭንቅላት የማያሾልኩ ይሁኑ። ለጊዜው ያገለግላል፣ መልኩ ግን አያምርም። እንዲህ ከሆነ ይህ በጉልበት ለምታንሰው ለውሮ ይሁን፣ የተገዛው ለነብሮ።

ሳጥኑ እንደ መጣ ከዓይናቸው አይሰውሩት። የመጀመሪያውን ሳምንት የላይኛውን ግማሽ ያንሡና የታችኛውን እንደ ተራ መኝታ ውሮ በምትወደው ጥግ ያስቀምጡት፤ ምግባቸውን አጠገቡ፣ ቀጥሎም ውስጡ ያቅርቡላቸው። በራሳቸው ፈቃድ መግባት ሲጀምሩ ክዳኑን ይመልሱ፣ በሩን ግን ክፍት ይተዉ። በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ ሆነው ሲበሉ በሩን ለአንድ ደቂቃ፣ ቆይቶም ለአምስት ደቂቃ ይዝጉት። ቀጥሎ አንሥተው ግቢውን ይዙሩ። በሦስተኛው ሳምንት በባጃጅ እስከ አዘዞ ደርሰው ይመለሱ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስደው ጤንነታቸውን ያስመርምሩ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውን ያስወስዱ፣ የምስክር ወረቀቱንም ይያዙ። አንድ ቀን ውሮ እምቢ ካለች ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ እንጂ አይግፏት፤ አምስት ሳምንት ስላለዎ ጊዜ አይጠብዎትም። ጆንያ የሚባል ነገር ደግሞ ከቤቱ ይውጣ።

መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ገደማ ቢነሡ ፎገራ ሜዳ ሳይግል ወረታን ያልፋሉ። እራት ቀለል አድርገው ያብሏቸው፣ ጠዋት ምግብ አይስጧቸው፤ ከመነሣታቸው ሦስት አራት ሰዓት በፊት ሆዳቸው ባዶ ከሆነ ማስታወኩ ይቀንሳል። ከሳጥኑ ወለል ላይ የሕፃን ዳይፐር ዘርግተው፣ የሚመጠውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ያንጥፉ፣ በላዩም የለመዱትን ጨርቅ፤ ሁለት ቅያሪም በፌስታል ይያዙ። ረዳቱ «ወደ ላይ ይጫን» ቢልዎ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ሕይወት ያለው ነገር እንደማይጫን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የአንድ ሰው ተጨማሪ ሒሳብ ከፍለው ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ቢይዙ ሳጥኖቹ እግርዎ ሥር ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። ዕቃዎን ከሚጭነው አይሱዙ ጋርም አይላኳቸው።

በመንገድ ላይ ድመት ብትጮህ አይደንግጡ፤ ጩኸት ቅሬታ ነው፣ ማክሰኝትን ሳያልፉ ዝም ሊሉ ይችላሉ። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች ግን ይህ በድመት ላይ የአደጋ ምልክት ነው፤ መኪናው ጥላ ቦታ ይቁም፣ አየር ይግባላት፣ ካልተሻላትም ቅርብ ካለው ሐኪም ጋር ይደዋወሉ። «ትንሽ ትናፈስ» ብሎ በሩን መክፈት ግን አይታሰብም፤ የደረሱበት ቤት አንድ ክፍል ተዘግቶ እስኪጠብቃቸው ድረስ ሳጥኑ አይከፈትም። እዚያም በሩን ብቻ ከፍተው ውኃና አሸዋ አኑረው ይተዉአቸው፤ በራሳቸው ጊዜ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት ባይወጡ ይሻላል፤ አለዚያ ማራኪን ፍለጋ መንገድ ሊጀምሩ ይችላሉ።

የእናትዎን ነጠላ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ውሮ ላዩ ላይ ስለምትተኛ ሳጥኑ ውስጥ ሊያነጥፉላት ያስቡ ይሆናል፤ አያድርጉት፣ በመንገድ ቢበላሽብዎ ሐዘኑ ለእርስዎም ይከብዳል። ይልቅስ ከዛሬ ጀምሮ አንድ አሮጌ ፎጣ ከነጠላው ጋር አብሮ ይሰንብት፣ ሽታው ሲጋባበት ፎጣው ውስጥ ይግባ። ነጠላውን በጉዞው ቀን ከላይ ያልብሱት፤ ስስ ስለሆነ አየር አይከለክልም፣ ግርግሩንም ይጋርድላታል። በእርስዎ በኩል ያለውን ጎን ብቻ ገለጥ አድርገው ይተዉት፤ ቀና ስትል የምታየው የእርስዎን ፊት ይሁን።